ኢሜይላችሁን የራሳችሁ አድርጉት፦ ከፓስወርድ እስከ ኢንተርኔት ቤት

አዲስ ስልክ ስንገዛ ኢሜይሉን ብዙ ጊዜ የሚከፍትልን ሻጩ ነው። ስማችንን ይጠይቃል፣ የሆነ ፓስወርድ ይመታል፣ ፕሌይ ስቶር መሥራቱን አይቶ ስልኩን ያስረክበናል። ፓስወርዱን ካርቶኑ ላይ ጽፎ የሚሰጥ ሻጭ ካጋጠማችሁ ዕድለኛ ናችሁ። እኛም አንጠይቅም። ስልኩ እስከሠራ ድረስ ማን ይጨነቃል? ጣጣው የሚመጣው ስልኩ የጠፋ ወይም የተሰረቀ ቀን ነው። ፎቶው፣ የሰዎች ቁጥር፣ የተላከልን ሰነድ ሁሉ ማንም በማያስታውሰው ፓስወርድ ተቆልፎ ይቀራል።

“እኔ ኢሜይል አልጠቀምም” የሚል ሰው ብዙ ነው። መልእክት አይላላክበት ይሆናል። ግን የፌስቡክ ፓስወርዱ ሲጠፋበት መመለሻው በኢሜይሉ የሚመጣ ሊንክ ነው። ለሥራ ሲያመለክት፣ ቪዛ ሲጠይቅ፣ የውጭ ትምህርት ሲሞክር የሚሞላው ያንኑ ኢሜይል ነው። ኢሜይሉን የያዘ ሰው የቀረውን “ፓስወርድ ረሳሁ” የሚለውን እየነካ አንድ በአንድ ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ የሚጀመረው ከኢሜይሉ ነው። የማሳያችሁ በጂሜይል ነው፤ አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያለው እሱ ስለሆነ።

1. አካውንቱ በእርግጥ የማን እንደሆነ እዩ

ስልካችሁ ላይ ሴቲንግ ግቡ። ወረድ ብላችሁ “ጉግል” የሚለውን ንኩ። የኢሜይል አድራሻችሁ ከላይ ይታያል፤ ወረቀት ላይ ገልብጡት። አድራሻቸውን ራሱ የማያውቁ ሰዎች አሉ፣ አያሳፍርም። ነጥብ ይኑረው አይኑረው አትጨነቁ፤ ጂሜይል በስም መሀል ያለችውን ነጥብ አይቆጥራትም።

ቀጥሎ “ማኔጅ ዩር ጉግል አካውንት” የሚለውን ክፈቱና “ሴኪዩሪቲ” ወደሚለው ክፍል እለፉ። እዚያ “ዩር ዲቫይስስ” የሚል አለ። አካውንታችሁ የተከፈተባቸው ስልኮችና ኮምፒውተሮች ዝርዝር ነው፤ የመሣሪያው ዓይነት፣ ቦታውና መቼ እንደተጠቀመ ይታያል። የእናንተ ያልሆነ ስልክ ካያችሁ ንኩትና “ሳይን አውት” በሉት። ድሮ የሸጣችሁት ስልክም እዚያ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። እሱንም አስወጡት።

እዚያው ክፍል ውስጥ መመለሻ ስልክ እና መመለሻ ኢሜይል የሚሉ ሁለት ነገሮች አሉ፤ በእንግሊዝኛው “ሪከቨሪ ፎን” እና “ሪከቨሪ ኢሜይል”። ስንቱ ሰው ጉድ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። የሻጩ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ከአምስት ዓመት በፊት የጣላችሁት ሲም ሊሆን ይችላል። ባዶም ሊሆን ይችላል። አሁን የምትጠቀሙበትን ቁጥር አስገቡ። መመለሻ ኢሜይሉ ደግሞ በእርግጥ የምታምኑት ሰው ይሁን፦ እህት፣ ባለቤት፣ ልጅ። የወንድ ጓደኛ ወይም የሴት ጓደኛ ስትሉ ትንሽ አስቡበት።

2. ፓስወርዱን ቀይሩ

ሻጩ የሰጣችሁ ፓስወርድ ስማችሁና 123 ከሆነ፣ ዛሬውኑ ቀይሩት። ስልክ ቁጥርም፣ የትውልድ ዓመትም፣ የልጅ ስምም አይሆንም፤ ይሄ ሁሉ ፌስቡካችሁ ላይ አለ።

ጥሩ ፓስወርድ ረጅም ፓስወርድ ነው። አንድ ትልቅ ፊደል፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ምልክት፣ በየሦስት ወሩ ደግሞ መቀየር የሚለው ሕግ ዘመኑ አልፎበታል። እ.ኤ.አ. በ2003 ያንን ምክር ለአሜሪካ መንግሥት የደረጃዎች ተቋም የጻፈው ቢል በር፣ በ2017 ለዎል ስትሪት ጆርናል በብዙው እንደሚጸጸት ተናግሯል። ተቋሙም በዚያው ዓመት መመሪያውን ቀየረ፤ ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስቀየር ቀረ፣ ርዝመት ቀደመ። ሰው በግድ ቀይር ሲሉት የሚያደርገውን ሁላችንም እናውቃለን፦ መጨረሻው ላይ ያለውን 1 ወደ 2 ይለውጠዋል።

ለአማርኛ ተናጋሪ የሚቀል ዘዴ አለ። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ወይም አምስት የአማርኛ ቃላት ምረጡና በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፏቸው። የጉግል ፓስወርድ የግዕዝ ፊደል አይቀበልም፣ ስለዚህ በላቲኑ መጻፍ ግድ ነው። ለምሳሌ ሎሚ፣ ዶማ፣ ጋሪ፣ ወንበር። ተያይዘው ሲጻፉ 18 ፊደል ይሆናሉ። ለማስታወስ ቀላል፣ ለመገመት ከባድ። (እነዚህን ግን አትጠቀሙ፤ እዚህ ከተጻፉ በኋላ የኔም የእናንተም አይደሉም።)

ቃላቱን ስትመርጡ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። አንዳንድ ፊደላችን በላቲን ሁለት ሦስት ዓይነት አጻጻፍ አለው። “ቀ”ን አንዱ በኪው፣ ሌላው በኬ ይጽፋታል። “ጸ”ማ የባሰባት ናት። ዛሬ በአንዱ ጽፋችሁ ከወር በኋላ በሌላው ስትሞክሩ “ፓስወርድ ተሳስቷል” ይላችኋል፣ እናንተ ደግሞ ትምላላችሁ። ስለዚህ ለ፣ መ፣ ረ፣ በ፣ ነ፣ ደ፣ ገ የመሳሰሉት ያሉባቸውን ቃላት ውሰዱ። ተረትና ምሳሌ፣ የጸሎት መጀመሪያ፣ የታወቀ የዘፈን ስንኝም አይሁን። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ሌባውም ያውቀዋል።

ይህ ፓስወርድ ለኢሜይሉ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ እንዳትደግሙት። አንድ ትንሽ ድረ ገጽ ተሰብሮ የተጠቃሚዎቹ ዝርዝር ሲወጣ፣ ሌቦቹ ያንኑ ኢሜይልና ፓስወርድ ጂሜይል ላይ፣ ፌስቡክ ላይ፣ ባንክ ላይ ይሞክሩታል። በእጅ አይደለም፤ ፕሮግራም ነው የሚሞክርላቸው። የእናንተ ኢሜይል ከእንዲህ ዓይነት ዝርዝር ውስጥ መግባቱን ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ትሮይ ሀንት የተባለ አውስትራሊያዊ በ2013 የከፈተው “ሃቭ አይ ቢን ፖውንድ” የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለ። ኢሜይላችሁን ብቻ ይጠይቃል። ፓስወርድ አስገቡ ብሎ “እንይላችሁ” የሚል የማታውቁት ገጽ ካጋጠማችሁ ግን ውጡ።

3. ሁለተኛ ቁልፍ አድርጉበት፣ በተለይ ልትሄዱ ካሰባችሁ

ፓስወርድ ቢሰረቅ እንኳ ሌባው እንዳይገባ፣ ከፓስወርዱ በኋላ ሌላ ማረጋገጫ እንዲጠየቅ ማድረግ ይቻላል። ሴኪዩሪቲ ውስጥ “ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን” የሚለው ነው። አብዛኛው ሰው በቴክስት የሚመጣ ኮድ ይመርጣል። ከምንም ይሻላል። ግን ኮዱ የሚመጣው ሲም ካርዱ ላይ ነው፤ ሲሙ ደግሞ የእናንተ የሚሆነው እስከተጠቀማችሁበት ድረስ ነው። ለረጅም ጊዜ ካርድ ያልተሞላበት ቁጥር ይዘጋል፣ ቆይቶም ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል። ያኔ ኮዱ የማታውቁት ሰው ስልክ ላይ ይጮሃል።

ይህ ነገር በጣም የሚጎዳው ወደ ቤይሩት፣ ዱባይ፣ ሪያድ ወይም አሜሪካ የሚሄደውን ሰው ነው። ደርሶ አዲስ ሲም ያወጣል፣ የአገር ቤቱ ሲም መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ስልኩ ሲቀየር ጂሜይል “ወደ 09… የላክነውን ኮድ አስገባ” ይላል። ቁጥሩ አዲስ አበባ ነው፣ ሰውየው ሌላ አገር። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ከመሄዳችሁ በፊት እነዚህን አድርጉ።

መጀመሪያ ባክአፕ (መጠባበቂያ) ኮድ አውጡ። ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ውስጥ “ባክአፕ ኮድስ” የሚለውን ስትነኩ እያንዳንዳቸው 8 አሃዝ ያላቸው 10 ቁጥሮች ይሰጣችኋል። ኔትወርክም ሲምም አይፈልጉም። አንዱ ኮድ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል፣ የተጠቀማችሁበትን ሰርዙት። አዲስ አሥር ካወጣችሁ የድሮዎቹ በሙሉ ይሞታሉ። ወረቀት ላይ በእጃችሁ ጻፏቸው። ፎቶ አንስቶ እዚያው ስልክ ላይ ማስቀመጥ፣ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ መጥፋት ነው። ወረቀቱን ፓስፖርቱ ውስጥ አትክተቱት፤ ለቤት ሥራ የምትሄዱ ከሆነ ፓስፖርቱን አሠሪ ሊይዘው ይችላል። ልብስ መሀል ይሻላል። አንድ ቅጂ አገር ቤት ለእናት ወይም ለእህት ተዉ።

ሁለተኛ፣ “ጉግል ኦተንቲኬተር” የሚባለውን ነፃ መተግበሪያ ጫኑ። በየ30 ሰከንዱ የሚለዋወጥ ባለ 6 አሃዝ ኮድ ይሰጣል፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። የሚሠራው ግን በሰዓት ስሌት ነው። ስልካቸውን በእኛ አቆጣጠር እንዲሄድ ብለው ሰዓቱን በእጃቸው 6 ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልሱ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ጋ ኮዱ ትክክል ሆኖ ሳለ “ተሳስቷል” ሊባል ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ ሰዓቱን አውቶማቲክ አድርጉት። የሐበሻ ሰዓት የሚያሳይ መተግበሪያ ለብቻው መጫን ይቻላል።

ሦስተኛ፣ መመለሻ ቁጥሩን የምትቀይሩ ከሆነ አሮጌውን ሲም ወዲያው አትጣሉ። ከተቀየረ በኋላም ለ7 ቀን ያህል ጉግል በአሮጌው ቁጥር ኮድ ልላክ ሊል ይችላል። አገር ቤት የምታምኑት ሰው ሲሙን ይዞ አልፎ አልፎ ካርድ ቢሞላበት ደግሞ ቢያንስ ለመጀመሪያው ዓመት እፎይ ትላላችሁ። ባንክም በዚያው ቁጥር ነው የሚያውቃችሁ።

ስለ ኮድ አንድ ነገር ልጨምር። ማንም ደውሎ “በስህተት አንተ ስልክ ላይ ኮድ ተልኳልና ንገረኝ” ካለ፣ ያ ኮድ የእናንተው አካውንት ቁልፍ ነው። በቴሌግራም ከወዳጅ ስም የመጣም ቢሆን ያው ነው፤ የወዳጃችሁ አካውንት ቀድሞ ተሰርቆ ይሆናል። ደውላችሁ ድምፁን ስሙ።

4. የቀሩትን ፓስወርዶች የት እናስቀምጥ?

ለእያንዳንዱ የተለየ ፓስወርድ ተባለ፣ ማን ያስታውሳል? ማንም። ስለዚህ ሌላ ነገር ያስታውስላችሁ።

ቀላሉ መንገድ እጃችሁ ላይ ያለው ነው። ክሮም “ፓስወርዱን ላስቀምጠው?” ብሎ ሲጠይቅ፣ ስልኩ የራሳችሁ ከሆነ እሺ በሉት። ጉግል አካውንታችሁ ውስጥ ይቀመጣል፤ አዲስ ስልክ ብትገዙ ይከተላችኋል። ቅድም ኢሜይሉን አጥብቁ ያልኩት ለዚህም ነው። ጣት ወይም ፒን የሌለው ስልክ ላይ ግን ይህን አታድርጉ፤ ስልኩን ያነሳ ሁሉ ይገባበታል።

ሁሉንም ለጉግል መስጠት ካልፈለጋችሁ “ቢትዋርደን” የሚባል ፓስወርድ ማስቀመጫ መተግበሪያ አለ። ነፃው ዓይነት ለአንድ ሰው ይበቃል። አንድ ዋና ፓስወርድ ብቻ ታስታውሳላችሁ። እሱን ከረሳችሁት ግን ድርጅቱም ሊመልስላችሁ አይችልም፤ አሠራሩ ነው።

ደብተርስ? በኔ እምነት ለእናት ለአባት ከሁሉም የተሻለው ደብተር ነው። ሩቅ አገር ያለ ሌባ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ደብተር አይደርስበትም። አንድ ፓስወርድ አሥር ቦታ ከመጠቀም፣ አሥሩንም ጽፎ ቤት ማስቀመጥ በብዙ ይሻላል። ስልኩ ካርቶን ላይ ግን አይሁን፤ ስልኩን ስትሸጡ ካርቶኑም አብሮ ይሄዳል።

5. ኢንተርኔት ቤት ስትገቡ

ፎርም ለመሙላት፣ ሰነድ ለማተም፣ ስካን ለማድረግ የሰው ኮምፒውተር መጠቀማችን አይቀርም። ክሮምን ክፈቱና ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ጥቁር መስኮት ይከፈታል። ኢንኮግኒቶ የሚባለው ነው። (ፋየርፎክስ ከሆነ በኤን ፈንታ ፒ።) ስትጨርሱ ከኢሜይሉ ሳይን አውት በሉ፣ ከዚያ መስኮቱን ዝጉ። ኮምፒውተሩ የገባችሁበትን ገጽና ፓስወርዱን አያስታውስም።

ብዙ ሰው ኢንኮግኒቶ ሁሉን ነገር የሚደብቅ ይመስለዋል። አይደለም። ያወረዳችሁት ፋይል እዚያው ይቀራል። የኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ላይ ዳውንሎድስ የሚለውን አቃፊ ብትከፍቱ የማታውቋቸውን ሰዎች ፓስፖርት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ አንዳንዴም የጋብቻ ሰርተፍኬት ታገኛላችሁ። የእናንተም እንዲህ እንዳይቀር አትማችሁ ስታበቁ ፋይሉን አጥፉ፤ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርጉ። የላካችሁት በቴሌግራም ከሆነ ስልካችሁ ላይ የቴሌግራሙን ሴቲንግ፣ ከዚያ “ዲቫይስስ” ግቡና ያንን ኮምፒውተር አስወጡት።

ቤት ከደረሳችሁ በኋላ “ሳይን አውት አላልኩም እኮ!” ብላችሁ ከደነገጣችሁ፣ መመለስ አያስፈልግም። በቁጥር 1 ያየነው የመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ኮምፒውተሩን ፈልጋችሁ ከስልካችሁ ሆናችሁ ታስወጡታላችሁ።

6. ሊንክ ከመንካት በፊት አድራሻውን አንብቡ

ዲቪን እንውሰድ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዕጣ የደረሰውን ሰው በኢሜይል “እንኳን ደስ አለህ” አይለውም። ውጤት የሚታየው አመልካቹ ራሱ ማረጋገጫ ቁጥሩን ይዞ ኦፊሴላዊው ገጽ ላይ ሲገባ ብቻ ነው። ስለዚህ “ደርሶሃል፣ ገንዘብ ላክ” የሚል ኢሜይል ምንም ያህል የንስር ማኅተም ቢኖረው ውሸት ነው።

አድራሻ የሚነበበው እንዲህ ነው። ከመጀመሪያዋ ነጠላ እዝባር (/) በፊት ያለውን ክፍል ውሰዱ፤ ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ አንብቡ። ትክክለኛው “ዲቪፕሮግራም ነጥብ ስቴት ነጥብ ጎቭ” ነው። መጨረሻው ጎቭ ነው፤ እሱን የሚያገኙት የአሜሪካ መንግሥት አካላት ብቻ ናቸው። አስመሳዩ ግን “ዲቪ ሰረዝ ስቴት ሰረዝ ጎቭ ነጥብ ኮም” ዓይነት ነው። ጎቭ የምትለዋ ቃል አለች፣ መጨረሻው ግን ኮም ነው። ኮም ደግሞ ገንዘብ የከፈለ ሁሉ ይገዛዋል። ይህችን ንባብ ለባንክም፣ ለጉግልም፣ ለአየር መንገድም ተጠቀሙባት።

አድራሻው አጠገብ የነበረችውን የቁልፍ ምልክት አትመኑ። ቁልፏ የምትለው መንገዱ በሌላ ሰው አይጠለፍም እንጂ፣ ጫፉ ላይ ያለው ሰው ታማኝ ነው አይደለም። የአጭበርባሪ ገጽም ቁልፍ አለው። ክሮም ራሱ ሰው እየተሳሳተባት ስላስቸገረ በ2023 በሌላ ምልክት ተካት።

7. በየቀኑ የሚያስቸግሩ ትንንሽ ነገሮች

“ኮኔክሽንህ አስተማማኝ አይደለም” ብሎ ሁሉም ገጽ እምቢ ካለ፣ የስልኩን ቀን እዩ። ቀኑ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ተሞልቶ ከሆነ፣ ስልኩ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል ማለት ነው፤ የገጾቹን ማረጋገጫ አይቀበልም።

ስክሪኑ ላይ በየሰዓቱ “ስልክህ ቫይረስ አለበት” የሚል ማስታወቂያ የሚመጣ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ የለም። አንድ ቀን ሳታዩ “አላው” ያላችሁት ገጽ ነው የሚልከው። ክሮም ሴቲንግ፣ “ሳይት ሴቲንግስ”፣ “ኖቲፊኬሽንስ” ግቡና የማታውቁትን ሁሉ አግዱ።

ኢሜይል መምጣት ካቆመ ቦታ ሞልቶ ይሆናል። ነፃው 15 ጊጋባይት ለጂሜይል፣ ለፎቶና ለድራይቭ አንድ ላይ ነው፤ ሲሞላ ኢሜይል አይገባም፣ አይወጣም። ረጃጅም ቪዲዮዎችን አጥፉ፣ ቆሻሻ መጣያውንም ባዶ አድርጉ፤ እሱም ይቆጠራል። በተቃራኒው ደግሞ ለ2 ዓመት ያልተነካን አካውንት ጉግል ሊያጠፋው ይችላል። ለአንድ ማመልከቻ ብቻ የከፈታችሁት ካለ አልፎ አልፎ ግቡበት።

8. አካውንቱ ከወዲሁ ከጠፋ

መግቢያው ላይ “ፎርጎት ፓስወርድ” በሉና ጥያቄዎቹን መልሱ። ድሮ የምትገቡበት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ በእሱ ሞክሩ፤ የለመዳችሁት ቤት፣ የለመዳችሁት ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ። የምታስታውሱት አሮጌ ፓስወርድም ቢሆን ይረዳል፣ ባዶ አትለፉት። በተደጋጋሚ በግምት ከመደብደብ ተረጋግቶ አስቦ መሞከር ይሻላል።

“ከፈላችሁኝ አካውንቱን አስመልሳለሁ” የሚሉ ሰዎች ቴሌግራም ላይ ሞልተዋል። ጉግል ከእንዲህ ዓይነት አገልግሎት ጋር አይሠራም። ገንዘቡን ወስደው ሲጠፉ ደህና ነው፤ የባሰው የምትሰጧቸውን ኮድ ይዘው የቀረውንም ሲወስዱ ነው።

ሰብሮ የገባ ሰው ኖሮ አካውንቱን ካስመለሳችሁ፣ ፓስወርድ መቀየር ብቻ አይበቃም። ኮምፒውተር ላይ ጂሜይልን ክፈቱና ሴቲንግ ውስጥ “ፎርዋርዲንግ” እና “ፊልተርስ” የሚሉትን እዩ። ሌባ ከመውጣቱ በፊት የሚመጣላችሁ ኢሜይል ሁሉ በቅጂ ወደ እሱ እንዲሄድ፣ ወይም ከባንክ የመጣ መልእክት ሳታዩት እንዲጠፋ አድርጎ ሊሄድ ይችላል። እናንተ ያላስገባችሁት አድራሻ ካለ ሰርዙት። ከዚያ መመለሻ ስልኩንና ኢሜይሉን ዳግም አረጋግጡ፣ አዲስ ባክአፕ ኮድ አውጡ፣ በዚያ ኢሜይል የተከፈቱትን የፌስቡክና የባንክ ፓስወርዶችም በተራ ቀይሩ፤ ከባንኩ ጀምሩ።